ነፍሰ ጡር እናት በረጅም በረራ ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው ጉዞ፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት በመንገድ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ሲታከልበት፣ ከ15 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን መንገድ የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሆኜ ተጉዤበታለሁ። በመስኮት በኩል ተቀምጬ፣ ከጎኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተኙትን አዛውንት መቀስቀስ ይሉኝታ ይዞኝ፣ ሽንቴን ለሰዓታት ቋጥሬ ቆየሁ፤ ደጋግሜ እንዳልነሳም ውኃ መጠጣቴን ተውኩ። ስንወርድ እግሮቼ አብጠው ጫማዬ አልገባ አለኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የምታነብ እናት አስቀድማ እንድታውቅልኝ የምፈልገው፣ በበረራ ላይ መነሳት፣ መጠየቅና ሰው ማስቸገር ለእርሷ የጤና ጉዳይ መሆኑን ነው።

ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሳምንቱ በትክክል ይታወቅ። እርግዝናው ያለ ችግር እየሄደ ከሆነ ለመብረር በጣም የሚመቸው ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው፤ ማቅለሽለሹ ጋብ ብሏል፣ ሆድም ገና አልከበደም። ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንድ ልጅ ያረገዘችን እናት እስከ 36ኛው ሳምንት ገደማ፣ መንታ ያረገዘችን ደግሞ እስከ 32ኛው ሳምንት ገደማ ያሳፍራሉ። ደንቡ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ትኬቱን ከሚቆርጡበት ቢሮ ጠይቀው ያረጋግጡ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ የሚታየው የሄዱበት ቀን ብቻ ሳይሆን የሚመለሱበት ቀንም ስለሆነ፣ በ25ኛው ሳምንት ለሦስት ወር ጥየቃ የሄደች እናት መመለሻዋ ላይ ልትከለከል ትችላለች። የክትትል ካርድዎ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነም፣ ደብዳቤው በእንግሊዝኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲጻፍ፣ የመውለጃ ቀንዎም በግልጽ እንዲጠቀስበት ሐኪሙን ይጠይቁ። ካርዱና ደብዳቤው ከእጅ ቦርሳዎ አይለዩ።

ደም የፈሰሳት፣ የእንግዴ ልጁ ወደ ታች የወረደባት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ከባድ የደም ማነስ ያለባት፣ ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው የወለደች ወይም ደም ረግቶባት የሚያውቅ እናት የሐኪሟን ፈቃድ ሳታገኝ መብረር የለባትም።

ከፍታው ፅንሱን አየር ያሳጣዋል ብለው የሚሰጉ እናቶች አሉ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ይስተካከላል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ እዚያ ለኖረች እናት የአውሮፕላኑ አየር ለሰውነቷ አዲስ አይደለም። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የምትነሳ እናት ልዩነቱ ትንሽ ሊሰማት ይችላል፤ ሆኖም ጤናማ እርግዝና ያላት ሴት ያለ ችግር ትቋቋመዋለች። ይልቁንም አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ጥማት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ያስፈልጋል፤ ፍተሻውን ካለፉ በኋላ የሚሞሉት ባዶ የውኃ መያዣ ይዘው ይሂዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው የእግር ጉዳይ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት በወሊድ ሰዓት ብዙ ደም እንዳይፈስ ስለሚዘጋጅ ደም ከወትሮው ይልቅ በቀላሉ ይረጋል፤ እያደገ የሚሄደው ማህፀንም ከእግር ወደ ላይ የሚመለሱትን የደም ሥሮች ይጫናል። በዚህ ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ሲጨመር፣ በእግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ከፍ ይላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ መቀመጫዎ በመተላለፊያው በኩል እንዲሆን ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ፤ ካልተገኘም ገና እንደተቀመጡ ከጎንዎ ያለውን ሰው «ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ቶሎ ቶሎ እነሳለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። እንዲህ የተነገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ራሱ ይለቅልዎታል። በየሰዓቱ ገደማ ተነስተው እስከ አውሮፕላኑ ጀርባ ደርሰው ይመለሱ። በተቀመጡበትም በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝዎን መሬት አስነክተው ጣቶችዎን ወደ ላይ ይሳቡ፣ ቀጥሎ ጣቶችዎን መሬት አስነክተው ተረከዝዎን ያንሱ፤ ባትዎ ሲጨመቅና ሲላላ እስኪሰማዎት ድረስ ደጋግመው ያድርጉት። ከፋርማሲ የሚገዛውን እስከ ጉልበት የሚደርስ እግርን ጨምቆ የሚይዝ ካልሲ በልክዎ አስመርጠው፣ በጉዞው ቀን ጠዋት እግር ሳያብጥ ያጥልቁት፤ ከጉልበት በታች ተጠቅልሎ ከቀረ ደም ስለሚያስር ይዘርጉት። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ሲያርፍም፣ አስተናጋጆቹ ከፈቀዱ ቆመው ይቆዩ።

የመቀመጫ ቀበቶው ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንቶች ላይ ይታሰር እንጂ በፍጹም በሆድ ላይ አይለፍ። ለወገብ ከማንኛውም ትራስ የሚሻለው የራስዎ ነጠላ ነው፤ አራት ጊዜ አጥፈው ይጠቅልሉትና ከወገብዎ ሥርጉድ ላይ ያስገቡት፤ ሲያምዎት ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንሸራትቱት።

በምግብ በኩል፣ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ በአንጀት ውስጥ ያለ አየር ይለጠጣል። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጥቅል ጎመንና ለስላሳ መጠጥ ከበረራው በፊት ባለው ቀን ይቀነስ፤ በጾም ወቅት የሚጓዙ እናቶች በሩዝ፣ በድንችና በዳቦ ቢያሳልፉት ሆዳቸው ይቀላቸዋል። ቃር የሚያስቸግራት እናት በአንድ ጊዜ ጠግባ ከምትበላ በትንሽ በትንሹ ብትበላ ይሻላታል፤ ዳቦ ቆሎ በቦርሳ መያዝ ለማቅለሽለሽም ይረዳል። ሐኪም ያላዘዘውን የእንቅልፍ ክኒንም ሆነ አስፕሪን አይውሰዱ።

ሻንጣን በተመለከተ በአገራችን ልማድ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን በርበሬ፣ የዘመዱን ሽሮና ቡና ተሸክሞ ይሄዳል፤ 23 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ከሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ ማንሳት ግን የነፍሰ ጡር ሥራ አይደለም። አደራውን በትሕትና ይመልሱ። ረጅም ሰልፍ ላይ መቆም የሚከብድዎት ከሆነም ዊልቸር አስቀድመው ያስመዝግቡ፤ ይህ አገልግሎት ለአረጋውያን ብቻ የተዘጋጀ አይደለም።

በበረራ ላይ ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ሆድ በየጊዜው እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ከያዘው፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከተሰማ፣ ወዲያውኑ አስተናጋጅ ይጥሩ። ከወረዱ በኋላ የሁለቱም እግር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይጎድላል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ነፍሰ ጡር መሆንዎንና ስንት ሰዓት እንደበረሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። የደም መርጋት ስጋቱ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ስለሚቆይ፣ ሕፃን ታቅፋ ለምትመለስ አራስም ስለ እግር የተባለው ሁሉ ይመለከታታል።