ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፦ ስፌት የሌለው የልጅ ሰደርያ

የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አጥቤያለሁ። ለራሴ የገዛሁት ለእህቴ ልጅ ሆነ። ወፍሮ፣ ጠንክሮ፣ የሹራቡ ዓይን ሁሉ ተደፍኖ። ዛሬ ያንን ጥፋት ሆን ብለን እንሠራዋለን።

የበግ ሱፍ ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሉት። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኘውና ሲታሽ አንዱ ጸጉር ከሌላው ይቆላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ አይላቀቅም። እንዲህ የሚሠራው ጨርቅ ፌልት ይባላል። ጥጥ ግን እንዲህ አይያያዝም፣ ስለዚህ ባዘቶው ቢያምራችሁም ተዉት። በማሽን እንዲታጠብ ታስቦ የተሠራ ሱፍም ልፋት ብቻ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሻከር ይላል፣ ግን ለላይ ልብስ ይሆናል።

ለአራት ዓመት ልጅ 160 ግራም ታጥቦ የተነደፈ ሱፍ፣ ወፍራም ላስቲክ፣ ቁራጭ የአጎበር ጨርቅ፣ ፎጣ፣ ሰሌንና ሳሙና ይበቃል።

መጀመሪያ ልኩ። ሱፉ ሲታሽ ከርዝመቱም ከስፋቱም ሲሶ ያህል ይሰበሰባል። ሰደርያው 35 በ40 ሴንቲ ሜትር እንዲወጣ ላስቲኩን 50 በ57 ቁረጡት፤ ትከሻውን ዘቅዘቅ አድርጉት። የመጀመሪያዬን ይህን ሳላሰላ ሠርቼ አሻንጉሊት አለበስኩበት።

ሱፉን ለአራት ክፈሉት። አንዱን 40 ግራም በእጃችሁ ሳሳ አድርጋችሁ እየመዘዛችሁ ላስቲኩ ላይ ደርድሩ፣ ጸጉሩ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይተኛ። ሁለተኛውን በላዩ አግድም። ዙሪያውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ከላስቲኩ ይውጣ። አጎበሩን አልብሱት፣ ሙቅ የሳሙና ውሃ ርጩበት፣ አየሩ እስኪወጣ በመዳፍ ተጫኑት። ገና አትሹት!

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከነላስቲኩ ገልብጡትና የተረፈውን ጠርዝ ወደ ውስጥ እጠፉት። በእሱ ላይ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች እንደ በፊቱ ደርድሩ፣ አርጥቡ፣ ገልብጡ፣ ጠርዙን እንደገና እጠፉ። ስፌት የሚቀረው እዚህ ነው፤ የፊቱና የኋላው ጸጉር ጠርዙ ላይ ተደራርቦ አንድ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ሱፍ ከበዛ ግን እንደ ገመድ ያብጣል። ስለዚህ ጫፉን ሳሳ አድርጉት።

ከዚያ በአጎበሩ ላይ በቀስታ እሹት፣ እያንዳንዱን ገጽ ሩብ ሰዓት ያህል። በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ነጠላ ጸጉር ተነጥሎ ከመጣ ገና ነው። ሁሉም አብሮ ከተነሳ በፎጣ ጠቅልሉት፣ በሰሌን ደግማችሁ ጠቅልሉና እንደ ሊጥ መዳመጫ ወዲያ ወዲህ አንከባሉት። መቶ ጊዜ፣ ከዚያ ፈትቶ ዞር አድርጎ ሌላ መቶ። የሚያጥረው በተንከባለለበት አቅጣጫ ስለሆነ በአራቱም በኩል ካላዞራችሁት ጠማማ ይወጣል። ክንድ ይዝላል፤ ሰው ጥሩና እየተቀባበላችሁ ሥሩ።

መሰብሰብ ሲጀምር የታችኛውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ክፈቱት፣ የፊቱን መሃል ከታች እስከ አንገት ቁረጡና ላስቲኩን አውጡ። አንገቱንና ክንድ ማስገቢያውን ከምትፈልጉት ጠበብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ኋላ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን የለም። የተቆረጠውን ጠርዝ በሳሙና በጣት እሹት፣ አይተረተርም።

የቀረው ጉልበት ነው። ልኩ 35 በ40 እስኪደርስ ሙቅ ውሃ እያፈሰሳችሁ እንደ ልብስ እሹት፣ ሳፋው ላይም ወርውሩት። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። በመጨረሻው ውሃ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምሩ፣ የሳሙናውን ርዝራዥ ያወጣል። ትራስ አልብሳችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ትከሻው ተጎትቶ ይቀራል።

ልጁ ግን ከስር ካናቴራ ይልበስ፣ የመንዝ ሱፍ ያሳክካል።