ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን እንዴት ታወዳድራላችሁ?

ደሴ ላይ ሆኖ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስልና ቪዲዮ የሚሠራውን ክፍል) መግዛት ብዙ ጊዜ በሰው ነው። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደወላል፣ ገንዘብ ይላካል፣ ዕቃው 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ መናኸሪያ ይደርሳል። ሞክሮ "ይሄ አልሆነኝም" ብሎ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የእኛ ሙከራ ማለቅ ያለበት ወረቀት ላይ ነው። እኔ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ይህን ማወዳደር የተማርኩት አንድ ሙሉ የጥር ወር ከከሰርኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ካርዱን ምን ልታሠሩበት እንደሆነ ጻፉ። ጌም፣ ቪዲዮ፣ የሕንፃ ዲዛይን፣ አንድ መስመር ይበቃል። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና የካርዶቹን ስም ከላይ ጻፉ።

ስሙን ስትጽፉ ግን ሙሉውን ይሁን። እኔ የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። የኤንቪዲያ ኩባንያን ጂቲ 1030 ባለ 2 ጂቢ ፈልጌ ነበር። ርካሽ ነው፣ የሚበላው 30 ዋት ብቻ ነው። ያነበብኩት በ2017 ስለወጣው፣ ጂዲዲአር 5 የሚባል ፈጣን ሜሞሪ ስላለው ካርድ ነበር። የደረሰኝ በ2018 የወጣው ባለ ዲዲአር 4 ነው። ስማቸው አንድ ነው። የፊተኛው ሜሞሪ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ የኋለኛው 16.8 ብቻ። ሣጥኑን ሳገላብጠው ከጎኑ፣ ባርኮዱ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል "ዲ4" የምትል ጽሑፍ አገኘሁ። ሻጩ አልዋሸኝም። የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ፣ የጠየቅኩት ግን ጎደሎ ስም ነበር።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ካርዱን የፈለግኩት ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ (የተቀናበረው ወደ መጨረሻው ፋይል ሲወጣ) እንዲያግዘኝ ነው። ጂቲ 1030 ውስጥ ግን የቪዲዮ ኢንኮደር የሚባለው፣ ቪዲዮውን ጨምቆ ፋይል የሚያደርገው ክፍል ጭራሽ የለም፣ በሁለቱም ዓይነት። የሁለት ሰዓቱን ሰርግ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትተው አደረ። ሊነጋጋ ሲል መብራት ሄደና እንደገና ከዜሮ። ለመልሱ እናደርሳለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። የሙሽራዋ አባት ሲደውሉ ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። "አብሽር ልጄ፣ ይደርሳል" አሉኝ። ባይቆጡኝም የባሰ ከበደኝ።

ስለዚህ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ወረቀቱ ላይ "ኢንኮደር አለው?" የሚል መስመር ይኑር። አዲስ ስለሆነ ይኖረዋል አትበሉ። በ2022 የወጣው፣ የሌላው ካርድ አምራች የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሜሞሪው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ስንት ጂቢ ነው?" ብሎ ነው። ጂቢው የጎተራው ስፋት ነው። ጎተራው ሰፊ ሆኖ አፉ ከጠበበ እህሉ ቶሎ አይወጣም። የአፉ ስፋት "የሜሞሪ ባስ" ይባላል፣ በቢት ይለካል። እህሉ የሚዛቅበት ፍጥነት ደግሞ በጊጋቢት በሰከንድ ይጻፋል። ሁለቱን አባዙና ለ8 አካፍሉ። የምታገኙት ሜሞሪው በሰከንድ የሚያስተላልፈው ጊጋባይት ነው።

በእውነተኛ ካርዶች እንየው። በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢው 192 ቢት ነው፣ ፍጥነቱ 15። 192 ሲባዛ በ15፣ ለ8 ሲካፈል 360 ይመጣል። በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 8 ጂቢ፣ 128 ቢት፣ ፍጥነቱ 17 ነው። ሒሳቡ 272 ይሰጣል። አዲሱ ካርድ በጂቢም በማስተላለፍም ከአሮጌው ያንሳል ማለት ነው። የቁጥሩን ማደግ ብቻ አይቶ ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህን አያውቅም።

ግን እዚህ ላይ አትቁሙ፣ ምክንያቱም 4060 የጠበበውን አፍ የሚያካክስበት ዘዴ አለው። በየጊዜው ጎተራ ከመመላለስ ጓዳ ውስጥ እንቅብ ሞልቶ ማስቀመጥ እንደ ማለት ነው። ይህ "ካሽ" ይባላል። በ3060 ውስጥ ኤል 2 ካሹ 3 ሜጋባይት ነው፣ በ4060 ውስጥ 24። ስለዚህ አብዛኛው ጌም ላይ 4060 ይቀድማል። ትልቅ ፕሮጀክት ስትከፍቱና 8 ጂቢው ሲሞላ ግን እንቅቡ አያድናችሁም። ያኔ የ3060 12 ጂቢ ዋጋው ይታወቃል። እኔ ከባድ ቪዲዮ ስለምቆርጥ 3060ን እመርጣለሁ።

የ3060 ስምም ወጥመድ አለው። ባለ 8 ጂቢ 3060 አለ፣ ባሱ 128 ቢት ነው፣ ሒሳቡ 240 ብቻ ይመጣል። የላፕቶፑ 3060 ደግሞ 6 ጂቢ ያለው ሌላ ነገር ነው። "3060 አለኝ" የሚላችሁን ሻጭ "የቱ?" በሉት።

የኮር (በካርዱ ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) ብዛትን በተመለከተ፣ ማወዳደር የሚቻለው አንድ ኩባንያ በአንድ ትውልድ ያወጣቸውን ካርዶች ብቻ ነው። የኤንቪዲያን ኮር ከኤኤምዲ ጋር ማነጻጸር የቁናን ስፍር ከኪሎ ጋር እንደ ማነጻጸር ነው። በአንድ ኩባንያ እንኳ ትውልድ ሲቀየር አቆጣጠሩ ይለወጣል። አርቲኤክስ 2080 ቲአይ 4352 ኮር አለው፣ 3070 ደግሞ 5888፣ በሥራ ግን ተቀራራቢ ናቸው። የካርዱ ፍጥነት የሚጻፍበት የሜጋኸርዝ ቁጥርም እንደዚሁ ነው።

ለመረጃው የአምራቹን ገጽና ቴክፓወርአፕ የሚባለውን ድረ ገጽ የካርዶች ዝርዝር እመክራለሁ። "ይሄ ከዚያ በ30 በመቶ ይበልጣል" ብለው በአንድ ቁጥር የሚፈርዱ ማወዳደሪያ ገጾችን አላምናቸውም። በምን ሥራ ላይ? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተራችሁ ካርዱን ይችለዋል ወይ? እኛ ጋ ብዙው ዴስክቶፕ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ ብቻውን የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። 3060 ሲሠራ 170 ዋት ይፈልጋል፣ 4060 ደግሞ 115። ለሁለቱም ኤንቪዲያ የሚመክረው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ነው። የእናንተ 240 ከሆነና ተጨማሪ ገመድ ከሌለው ወይ ፓወር ሰፕላዩንም በጀቱ ውስጥ አስገቡ፣ ወይ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ በ75 ዋት የሚሠራ ፈልጉ። 1650 ላይም ጂዲዲአር 5 እና ጂዲዲአር 6 የሚባል ልዩነት ስላለ ሙሉ ስሙን ጠይቁ። ከገመድ ለዋጭ አስማሚ ግን ራቁ። ፓወር ሰፕላዩ የሌለውን ዋት አስማሚ አያመጣውም።

የኬዙን ውስጥ በሜትር ለኩና ከካርዱ ርዝመት ጋር አስተያዩ። ማዘርቦርዱ አሮጌ ከሆነ ይህንንም ጨምሩ፦ 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር ነው፣ 3060 በ16። በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 (የካርድ ማስገቢያው የቆየ ትውልድ) ማዘርቦርድ ላይ የእያንዳንዱ መስመር አቅም በግማሽ ስለሚቀንስ መስመሩ ጥቂት የሆነው 4060 ይበልጥ ይጎዳል።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ዘመዳችሁ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ፎቶ ይላክላችሁ። አንዱ የካርዱ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ስቲከር፣ ሙሉ ስሙ እንዲነበብ። ሌላው ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሲከፈት የሚታየው ገጽ። አንዳንድ ጊዜ የድሮ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ ያለው፣ ስሙን የሚናገረው ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል፣ ፕሮግራሙ እንዲህ ያሉትን ብዙዎቹን ለይቶ ከስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ይጽፍባቸዋል። እዚያው ገጽ ላይ የሜሞሪው ዓይነት፣ የባሱ ስፋትና በሰከንድ የሚያስተላልፈው ተጽፈዋል። ወረቀታችሁ ላይ ካለው ሒሳብ ጋር ከገጠሙ ገንዘቡ ይከፈል።