ከዋንዛ እንጨት የልጆች የሌሊት መብራት አሠራር

ድሬዳዋ ላይ ይህን መብራት የሚሠራ ወላጅ ከሽቦው በፊት ስለ እንጨቱ ቢያስብ ይሻላል፤ በሚገባ ያልደረቀ ዋንዛ በከተማችን ሙቀት ከተገጣጠመ በኋላ ይሰነጠቃልና። ማድረቂያው ጥላ እንጂ ፀሐይ አይደለም። እኔ ቸኩዬ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ጣውላ ጫፉ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቆብኛል።

የደረቀውን ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ኤልኢዲ ለሚባለው ትንሽ አምፖል 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ።

ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ሲፈልግ የተለመደው የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ትርፉን 2 ቮልት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) መሸከም አለበት፤ 2 ቮልት በኤልኢዲው ውስጥ ለሚያልፈው 0.02 አምፔር ሲካፈል 100 ኦም (የሬዚስተር መለኪያ) ይመጣል። እኔ ግን ብርሃኑ እንዲለዝብና የልጁን እንቅልፍ እንዳይረብሽ 220 ኦም እመርጣለሁ። የኤልኢዲው ረጅም እግር በሬዚስተሩ በኩል ከቻርጀሩ ሽቦ ፖዘቲቭ (+)፣ አጭሩ ከኔጌቲቩ (−) ጋር ይያያዛል። ሲበይዱ መስኮት ይክፈቱ፤ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን አሙቀው ከዚያ ሊዱን (ቀልጦ የሚያያይዘውን የብየዳ ሽቦ) ያስነኩት፤ በደንብ የያዘ ብየዳ ያብረቀርቃል። ልጁ ጣውላውን ይለስልስ፣ መበየጃውን ግን እርስዎ ይያዙ። በኮላ ከመዝጋትዎ በፊት አብርተው ይሞክሩት፤ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አያገናኙት።