ለቤት ሰርቨራችሁ አንድ አድራሻ፦ ቤትም ውጭም የሚከፍት

የፎቶ ሰርቨሬ ሁለት አድራሻ ነበረው። ቤት ስሆን 192.168.1.50 ብዬ ከኋላው የፖርት ቁጥር (ሰርቨሩ ላይ ያለውን አንዱን አገልግሎት ከሌላው የሚለየውን) እጨምራለሁ። ውጭ ስሆን የገዛሁትን ዶሜይን፣ ማለትም የኢንተርኔት ስም፣ እጽፋለሁ። አንዱ የቤት ስሙ፣ ሌላው የአደባባይ ስሙ መሆኑ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና «ይሄ ነገር ሶፋ ላይ ስቀመጥ እምቢ ይላል፣ ከበር ስወጣ ይከፍታል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሴቭ ያደረገችው የውጩን አድራሻ ብቻ ነበር። ዋይፋዩን አጥፍታ በሞባይል ዳታ ስትሞክር ወዲያው ተከፈተላት። ሁለት ሜትር ላይ ላለ ሳጥን በሞባይል ዳታ!

ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም። የዶሜይኑ ስም ሲጠየቅ የሚመልሰው የራውተሩን የውጭ አይፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ነው። ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ወደዚያ አይፒ ሲሄድ፣ ጥያቄው ራውተሩ ጋ ደርሶ እንደገና ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ናት ሉፕባክ ወይም ሄርፒን ናት የሚባለው ይህ ነው። አንዳንድ ራውተር ያውቅበታል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይጥለዋል።

መፍትሔው ስሙን አንድ አድርጎ መልሱን እንደ ጠያቂው መለየት ነው። ከቤት ውስጥ ለሚጠይቅ 192.168.1.50 ይነገረዋል። ከውጭ ለሚጠይቅ የውጩ አይፒ ይነገረዋል። ስፕሊት ዲኤንኤስ ይሉታል፤ ዲኤንኤስ ማለት ስም ሲጠየቅ አይፒውን የሚናገረው አገልግሎት ነው። ብሮውዘሩ ሰርተፍኬት (ስሙ የእውነት የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ) ሲመረምር የሚያየው ስሙን እንጂ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ስላልሆነ በሁለቱም በኩል ያ የቁልፍ ምልክት ሳይጉረመርም ይመጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት የውጩን አድራሻ በቤት ዋይፋይ ክፈቱት። ከተከፈተ ራውተራችሁ መታጠፉን ያውቅበታል ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። እኔ ግን ባትቆሙ እላለሁ። ኢንተርኔት የጠፋ ቀን የስሙን መልስ የሚነግራችሁ ስለማይኖር፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን ሰርቨር ማግኘት ያቅታችኋል።

1. ስም ያዙ

ዶሜይን ግዙ፣ ወይም እንደ ዳክ ዲኤንኤስ ያለ ነጻ አገልግሎት ተጠቀሙ። እኔ ከዚህ በኋላ ፎቶ.ቤቴ.ኔት እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እናንተ በራሳችሁ ተኩት። ለእያንዳንዱ አገልግሎት ከፊት አንድ ቃል ጨምሩ፦ ፎቶ፣ ፊልም፣ ፋይል።

በ«ሎካል» የሚያልቅ ስም ለዚህ ሥራ አትምረጡ። ያ ስም ከ2013 ጀምሮ መሣሪያዎች እርስ በርስ ለሚፈላለጉበት ኤምዲኤንኤስ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን በ2024 ለውስጥ ኔትወርክ የለየው «ኢንተርናል» የሚለው መጨረሻም አለ። እሱም ቢሆን ከውጭ አይሠራም፣ ብሮውዘር የሚያምነው ሰርተፍኬትም አይሰጠውም።

2. የሰርቨሩን አይፒ አስሩ

ራውተሩ ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚለው፣ ለመሣሪያዎች አይፒ የሚታደልበት ገጽ ላይ ሪዘርቬሽን የሚል ቦታ አለ። ሰርቨሩን መርጣችሁ አንድ አይፒ ስጡት። አለቀ።

እግረ መንገዳችሁን የቤታችሁ ኔትወርክ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ አሁኑኑ ብትቀይሩት ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ወደ 10.37.52። ግማሹ ዓለም 192.168.1ን ነው የሚጠቀመው። ኋላ ቪፒኤን (ከውጭ ሆናችሁ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባችሁ የተመሰጠረ መንገድ) ስታስገቡ፣ ያረፋችሁበት ቦታ ዋይፋይም ያንኑ ቁጥር ከተጠቀመ ስልካችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። እኔ ሰንፌ ሳልቀይር ቀርቼ ከአንድ ዓመት በኋላ አሥራ ምናምን ዕቃ አንድ በአንድ ስቀይር አመሸሁ። ለዚህ ጽሑፍ ግን በ192.168.1.50 እንቀጥል፣ ዓይን ለምዶታል።

3. በሩ ላይ አንድ አስተናጋጅ አቁሙ

ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ዲኤንኤስ የሚነግራችሁ አይፒ ብቻ ነው፤ ፖርት አይነግራችሁም። ፊልም የምታዩበት ጄሊፊን 8096 ላይ ይቀመጣል፣ የቤት ዕቃ የምትቆጣጠሩበት ሆም አሲስታንት 8123 ላይ። ከውጭ ስትመጡ ራውተሩ 443ን (ብሮውዘር ለተመሰጠረ ገጽ የሚያንኳኳውን ፖርት) ወደ 8096 ሊቀይርላችሁ ይችላል። ከውስጥ ስትሄዱ ግን መሀል የሚገባ ራውተር የለም፤ በቀጥታ ሰርቨሩ 443 ላይ ታንኳኳላችሁ፣ እዚያ ደግሞ ማንም የለም። ዲኤንኤሱን በትክክል አስተካክለው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ሪቨርስ ፕሮክሲ ያስፈልጋል። 443 ላይ ቆሞ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ ስሙን ያያል፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ፖርት ይመራል። ካዲ በጣም ቀላሉ ነው፤ ለአንድ አገልግሎት ስሙንና የሚመራበትን ፖርት መጻፍ ይበቃዋል። ፋይል መጻፍ የማይወድ ሰው ኤንጂንኤክስ ፕሮክሲ ማናጀርን ይጫን፣ ሁሉም ነገር በገጽ ላይ ነው።

አንዳንድ አፕ ከፕሮክሲ ጀርባ ሲሆን ያኮርፋል። ሆም አሲስታንት ፕሮክሲውን እንደሚያምነው በማዋቀሪያ ፋይሉ ካልነገራችሁት 400 የሚል ስህተት ብቻ ያሳያችኋል። ፋይል የምታስቀምጡበት ኔክስትክላውድም አዲሱን ስም ከሚታመኑ ዶሜይኖች ዝርዝር ውስጥ ካላገኘው አያስገባም። ይህን ስታዩ ዲኤንኤሱን አትነካኩት። ስህተቱ ራሱ አፑ ጋ መድረሳችሁን እየነገራችሁ ነው።

4. ሰርተፍኬት

ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል። የስሙ ባለቤት መሆናችሁን ከሚያረጋግጥባቸው መንገዶች ሁለቱን እወቁ። አንደኛው ፖርት 80 ላይ መጥቶ ማየት ነው፤ ለዚህ ቤታችሁ ከውጭ ክፍት መሆን አለበት። ሁለተኛው ዶሜይናችሁ ላይ አንድ የጽሑፍ ሪከርድ እንድታስቀምጡ መጠየቅ ነው። ሁለተኛውን ምረጡ፣ ምንም በር ሳትከፍቱ ይሠራል። ፕሮክሲያችሁ የዶሜይን አቅራቢያችሁን የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም በእናንተ ስም ገብቶ ሪከርድ እንዲጽፍ የሚፈቅድ ኮድ) ከተሰጠው ራሱ ያመጣል፣ ጊዜው ከማለቁ በፊትም ራሱ ያድሳል። ካዲ ለዚህ የአቅራቢያችሁን ተጨማሪ ሞጁል ይፈልጋል።

የሚሰጡ ሰርተፍኬቶች ሁሉ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። «ፎቶ» የሚለው ስማችሁ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ በኮከብ የሚጀምረውን፣ ሁሉንም የሚሸፍነውን ሰርተፍኬት ውሰዱ። እሱን የምታገኙት በዚሁ በሁለተኛው መንገድ ነው።

5. የውስጡ መልስ

አሁን ቤት ውስጥ ለሚጠይቅ ሁሉ «ፎቶ.ቤቴ.ኔት 192.168.1.50 ነው» የሚል አካል እንፈልጋለን። አንዳንድ ራውተር ራሱ ይችላል፤ ኦፕንደብሊውአርቲና ኦፒኤንሴንስ የተባሉት የራውተር ሶፍትዌሮች ለዚህ ቦታ አላቸው። ራውተራችሁ ካልቻለ ፓይሆል ወይም አድጋርድ ሆም የሚባል የዲኤንኤስ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጫኑ። ፓይሆል ላይ የሎካል ዲኤንኤስ ሪከርድ ገጽ ውስጥ ስሙንና አይፒውን ትጽፋላችሁ። አድጋርድ ላይ ዲኤንኤስ ሪራይት ይባላል፣ በኮከብ መጻፍ ስለሚቻል አንዴ ጽፋችሁ ለሁሉም ስሞች ትገላገላላችሁ።

ከዚያ ራውተሩ ዲኤችሲፒ ገጽ ላይ ለመሣሪያዎች የሚታደለውን ዲኤንኤስ ወደ እሱ ቀይሩ። ወደ እሱ ብቻ! ሁለተኛው ሳጥን ባዶ ሲሆን እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ። እኔ «ለክፉ ቀን» ብዬ የጉግልን ዲኤንኤስ 8.8.8.8 ሞላሁበት። ከዚያ ሁለት ምሽት እብድ ልሆን። ላፕቶፔ ይከፍታል፣ ስልኬ አይከፍትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኬ ይከፍታል፣ ላፕቶፑ እምቢ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ መሣሪያዎች ሁለተኛውን እንደ መጠባበቂያ ብቻ አያዩትም፣ ደስ ሲላቸው እሱንም ይጠይቃሉ። እሱ ደግሞ የሚያውቀው የውጩን መልስ ነው። መጠባበቂያ ከፈለጋችሁ በሌላ ዕቃ ላይ ሁለተኛ ፓይሆል አቁማችሁ ያንኑ ሪከርድ ጻፉበት።

የአይፒቪ6፣ ማለትም የአዲሱ ዓይነት አይፒ፣ ነገርም አለ። ዶሜይናችሁ ላይ የአይፒቪ6 ሪከርድ ካስቀመጣችሁና ቤት ውስጥ የአይፒቪ4ን መልስ ብቻ ከቀየራችሁ፣ ስልኩ ያልተቀየረውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ወይ ሁለቱንም ቀይሩ፣ ወይ የማትጠቀሙበትን አጥፉ።

ለማረጋገጥ ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ኤንኤስሉካፕ (nslookup) በሚለው ትእዛዝ ስሙን ጠይቁ። ሁለት ነገር ይመልሳል። ከላይ ማን እንደመለሰ፣ ከታች ምን እንደመለሰ። ከታች 192.168.1.50 ካያችሁ ጨርሳችኋል። ሌላ ነገር ከመጣ ከላይ ያለውን ተመልከቱ፤ የመለሰው የእናንተ ዲኤንኤስ ካልሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

6. የውጩ መንገድ

መጀመሪያ የውጭ አይፒ ያላችሁ መሆኑን እዩ። ራውተሩ «ዋን» (WAN) በሚለው ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አይፒ ከሚያሳይ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ። ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ አንድ አይፒ ከብዙ ደንበኛ ጋር እየተጋራችሁ ሳይሆን አይቀርም። ፖርት ብትከፍቱ ማንም አይደርስበትም።

አይፒው የእናንተ ከሆነ 443ን ብቻ ወደ ሰርቨሩ አስተላልፉ። አይፒው የሚቀያየር ከሆነ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ አብሩ፤ አይፒው ሲቀየር የስሙን መልስ ራሱ ያድሳል። የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ወደ ውጭ አትክፈቱ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

አይፒው የጋራ ከሆነ፣ ወይም እንደ እኔ በር መክፈት የማይመቻችሁ ከሆነ ቪፒኤን ይሻላል። ዋየርጋርድ በተለምዶ 51820 የዩዲፒ ፖርትን ይጠቀማል፤ እሱም ቢሆን ከውጭ የሚደረስበት አይፒ ይፈልጋል። ቴይልስኬል ግን የጋራ አይፒ ጀርባም ይሠራል። የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር አድርጉ፦ የቤቱን ኔትወርክ በቪፒኤኑ በኩል አሳልፉ፣ የቪፒኤኑን ዲኤንኤስ ደግሞ የቤቱ ዲኤንኤስ አድርጉ። ያኔ ውጭ ሆናችሁም መልሱ ያው 192.168.1.50 ነው።

የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ለእኔ የቪፒኤን ነገር ነው። ቪፒኤን ጫኑ ብላችሁ የማታስቸግሯቸው ዘመዶች እንዲያዩት የምትፈልጉት ነገር ካለ ግን 443ን ከመክፈት ውጭ ብዙ አማራጭ የለም። ያኔ ጠንካራ የይለፍ ቃል አድርጉ፣ አፑንም ቶሎ ቶሎ አድሱ።

አልከፍት ካለ

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ አንድ ስልክ ብቻ ካስቸገረ፣ ያ ስልክ የእናንተን ዲኤንኤስ እየዘለለ ነው። አንድሮይድ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለውን እዩ። ፋየርፎክስና ክሮም ሴኪዩር ዲኤንኤስ የሚል የራሳቸው ቅንብር አላቸው። አይፎን ላይ ፕራይቬት ሪሌይን እዩ፤ ለቤት ዋይፋይ ብቻ ማጥፋት ይቻላል።

ከውጭ ስትገቡ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ስልኩ የድሮውን መልስ እንደያዘ ነው። ሪከርዱ ላይ ቲቲኤሉን፣ ማለትም መልሱ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሴኮንድ አውርዱት። ለጊዜው የአውሮፕላን ሞዱን አብርታችሁ ማጥፋት ይበቃል።

በመጨረሻ፣ በቁጥር የተጻፉትን የድሮ አድራሻዎች ከየአፑና ከየብሮውዘሩ አጥፉ። ካላጠፋችኋቸው አዲሱ በትክክል እየሠራ መሆኑን አታውቁም። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ከራውተሩ ንቀሉ። የስልኩን ሞባይል ዳታም አጥፉ፤ ካልሆነ ስልኩ «ዋይፋዩ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ወደ ዳታ ይዘልና ያታልላችኋል። አሁን ፎቶ.ቤቴ.ኔት ብላችሁ ክፈቱ። ከተከፈተ ገመዱን መልሱት፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ዳታውን አብሩና ያንኑ ስም ደግማችሁ ሞክሩ። ቪፒኤን ከመረጣችሁ እሱን ማብራት አትርሱ።