ያልተጠበሰ የቬትናም የአትክልት ጥቅል ከነማጥቀሻው

ጎይ ኩኦን የደቡብ ቬትናም ምግብ ነው። ቅጠላ ቅጠል፣ ጥሬ አትክልትና ቀጭን የሩዝ ኑድል በስስ የሩዝ ወረቀት ተጠቅልሎ እንዳለ ይቀርባል። በዘይት ከሚጠበሰው ቻ ዮ የሚለየው በዚህ ነው። የተለመደው ጎይ ኩኦን የአሳማ ሥጋና ሽሪምፕ ይገባበታል። ከሥጋ ነፃ የሆነውም ቢሆን እዚያ አገር እንግዳ አይደለም፤ ብዙ የቬትናም ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ ስለሚታቀቡ፣ በቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እና በአትክልት የተሞላው ዓይነት በየቤቱ ይሠራል። እዚህ የምናየው እሱን ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጥቅሉን የሚያበላሸው ነገር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ውኃ። ወረቀቱ ከመጠን በላይ ከራሰ ይቀደዳል። ሰላጣው ሳይደርቅ ከገባ ጥቅሉ ከውስጥ ይርሳል። ኑድሉ በደንብ ካልጠለለ ደግሞ ሳህኑ ላይ ውኃ ያቁራል። ስለዚህ ከታች ባለው አሠራር ውስጥ “ያድርቁ” የሚለው ቃል ሲደጋገም ለማስዋብ አይደለም።

ወረቀቱን መምረጥ

የሩዝ ወረቀት፣ በቬትናምኛ ባንህ ቻንግ፣ በባህላዊው መንገድ ሲሠራ ቀጭን የሩዝ ሊጥ በሚፈላ ውኃ ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ በስሱ ይቀባና በእንፋሎት ይበስላል። ከዚያ በቀርከሃ መደብ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በወረቀቱ አንደኛው ገጽ ላይ የሚታየው የተሸመነ ምልክት የቀርከሃው አሻራ ነው። ሌላኛው ገጽ ለስላሳ ነው፤ ሲጠቀልሉ ለስላሳው ወደ ውጭ ቢሆን ጥቅሉ ያምራል።

ሲገዙ የማሸጊያውን ጀርባ ያንብቡ። ብዙዎቹ ወረቀቶች ከሩዝ ዱቄት በተጨማሪ የካሳቫ ስታርች (ታፒዮካ) አለባቸው። ታፒዮካ የበዛበት ወረቀት ሲርስ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ነገር ግን ቶሎ ይጣበቃል። ሩዝ ብቻ ወይም ሩዝ የበዛበት ነጣ ያለ ነው፤ አይጣበቅም፣ ግን ሲጎትቱት ቶሎ ይቀደዳል። ለጀማሪ የሚሻለው ታፒዮካ ያለበት ነው። ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ይያዙ፤ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለመጠቅለል በቂ ቦታ ስለማይሰጥ እጅ እስኪለምድ ያስቸግራል። ጠርዙ የተሰነጠቀውን ወረቀት ለይተው ያስቀምጡ፤ ሲርስ ስንጥቁ ወደ መሐል ይሄዳል።

የሚያስፈልገው ለ10 ጥቅል

የሩዝ ወረቀት 12 (ሁለቱ ለሚቀደደው)፣ ደረቅ ቀጭን የሩዝ ኑድል 100 ግራም፣ ጠንካራ ቶፉ 200 ግራም፣ ቅጠሉ ለስላሳ የሆነ ሰላጣ 10 ቅጠል፣ ካሮት 150 ግራም፣ ኪያር አንድ መካከለኛ፣ ቀይ ጥቅል ጎመን አንድ እፍኝ፣ ከተገኘ የማሾ በቆልት አንድ እፍኝ። ከቅጠላ ቅጠል ናናና የድንብላል ቅጠል አንዳንድ እስር፣ የእስያ በሶብላ ካለ ግማሽ እስር። ቬትናሞች ቲያ ቶ የሚሉትን ከታች ሐምራዊ የሆነ ቅጠልም ይጨምሩበታል፤ ከሌለ ናናውን ከፍ ማድረግ ነው። ቅጠሉን መቀነስ ግን አይመከርም። ኑድልና ሰላጣ በራሳቸው ጣዕም የላቸውም፤ ጥቅሉን ጥቅል የሚያሰኘው ሽታው ነው።

ዝግጅት

ኑድሉን በብዙ የፈላ ውኃ ውስጥ ይቀቅሉ። ለቀጭኑ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በመሐሉ ነጭ ነጥብ ሳይቀር፣ ሲነክሱት ግን ትንሽ እየተቋቋመ ያውጡት። ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ስር፣ የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ይጠቡት። ይህ ላዩ ላይ ያለውን ስታርች ያስወግዳል፤ ካልተጠበ ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ጓል ይለወጣል። ከዚያ ማጥለያ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይተዉት። እንዳይያያዝ ብለው ዘይት አይጨምሩበት፤ ዘይት የነካው ወረቀት ጫፉ አይጣበቅም። በጥቂቱ የተያያዘ ኑድል ለመጠቅለል እንዲያውም ይመቻል።

ቶፉውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው ከባድ ነገር ጭነውበት 20 ደቂቃ ያቆዩ። በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በረጅሙ ይቁረጡና በትንሽ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ሁሉም ጎኑ ወርቃማ እስኪሆን ይጥበሱት። እንደወጣ ትኩሱን አንድ የሾርባ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ ያፍስሱበት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢያፈሱበት ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ አይገባም።

ካሮቱን በ8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንደ ክብሪት እንጨት ቀጠን አድርገው ይክተፉ። ጥሬ ካሮት ወረቀት የሚወጋ ዋናው ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነስንሰው፣ በእጅ አሸት አሸት አድርገው 10 ደቂቃ ይተዉት። ውኃ ያወጣል፤ ውኃውን ጨምቀው ይድፉት። አንዱን ዘንግ በሁለት ጣት ሲያጥፉት ሳይሰበር ከጎበጠ ደርሷል። ኪያሩን ለሁለት ሰንጥቀው ፍሬ ያለበትን መሐሉን በማንኪያ ይፈልቅቁ፤ ውኃ ያለው እዚያ ነው። ጎመኑን በጣም በስሱ ይክተፉ።

ሰላጣውንና ቅጠላ ቅጠሉን አጥበው በደረቅ ፎጣ ላይ ይዘርጉ፣ በሌላ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ። የሰላጣውን ወፍራም የመሐል ጅማት ይቁረጡ ወይም በቢላ ጎን ይደፍጥጡ፤ የናናውን ግንድ ያስወግዱ። በቆልት ጥሬውን ሲበላ አንዳንዴ ተህዋስያን ስለሚኖሩበት ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅ ወይም አቅመ ደካማ የሚበላው ከሆነ እስኪበስል ቀቅለው፣ አቀዝቅዘውና ጨምቀው ይጠቀሙ፤ ወይም ይተዉት።

ማጥቀሻውን አስቀድመው ይሥሩ። ወረቀት ማርጠብ ከተጀመረ በኋላ እጅ ለሌላ ሥራ አይበቃም።

የኦቾሎኒ ማጥቀሻ

ደቡብ ቬትናም ውስጥ ከጎይ ኩኦን ጋር በብዛት የሚቀርበው ይህ ነው። በትንሽ መጥበሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቀው ሁለት ፍልቃቂ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ሽታው እስኪወጣ ብቻ ያቁላሉ፤ ከጠቆረ ሶሱ ይመራል። 6 የሾርባ ማንኪያ ሆይሲን ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ወፍራምና ጣፋጭ የቻይና ሶስ)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው የኦቾሎኒ ቅቤና 7 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምረው በዝቅተኛ እሳት 2 ወይም 3 ደቂቃ እያማሰሉ ያንተክትኩ። ከማንኪያው በቀጭኑ እየፈሰሰ ሳለ ያውርዱት፤ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። እሳት ላይ እያለ የወፈረው ገበታ ላይ ሲደርስ ጥቅሉን ይጎትታል እንጂ አይለብሰውም። መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ የተከተፈ ቀይ ቃሪያና በላዩ ላይ ደቀቅ ያለ የተቆላ ኦቾሎኒ።

ዘይቱ ከተለየና ሶሱ ከተቆራረጠ እሳቱ በዝቷል ወይም ውኃው አንሷል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ጨምረው አጥብቀው ይምቱት፤ ይመለሳል። ሆይሲን ካልተገኘ 3 የሾርባ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ ከአንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር ጋር ይተካዋል። ጣዕሙ ያው አይሆንም፤ ግን ጥሩ ማጥቀሻ ነው። ይህን ሲጠቀሙ ውኃውን መጀመሪያ 4 ማንኪያ ብቻ ያድርጉና እያዩ ይጨምሩ።

ቀለል ያለ ለሚፈልግ

2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በ6 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ያሟሙ። ሲቀዘቅዝ 3 የሾርባ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስና 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ። ሎሚው ውኃው ሳይቀዘቅዝ ከገባ ትኩስ ሽታው ይጠፋል። በጣም የደቀቀ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በመጨረሻ ይገባሉ። ዓሣ ለሚበላ፣ በአኩሪ አተሩ ፋንታ ኑክ ማም የሚባለው የዓሣ ሶስ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ጨዋማነቱ ይበልጣል።

ማርጠብና መጠቅለል

ወረቀቱ በአንድ ጊዜ የሚገባበት ሰፊ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ያድርጉ። ሙቅ ውኃ አይጠቀሙ። ሙቅ ውኃ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ያልመዋል፤ ከውኃው ሳይወጣ በራሱ ላይ ተጣጥፎ ይጣበቃል። ለመጠቅለያ ውኃ የነካ ትልቅ ሳህን ወይም የፕላስቲክ መክተፊያ ያዘጋጁ። ደረቅ የእንጨት መክተፊያ ውኃውን ስለሚመጥ ወረቀቱ ይጣበቅበታል።

አንዱን ወረቀት ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ብቻ ውኃ ውስጥ ነክረው ያውጡ። በዚህ ጊዜ ገና ደርቆ ቀጥ እንዳለ ነው፤ አለመላሙ አያስጨንቅዎ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ውኃው ውስጥ እያለ እንዲለሰልስ ይጠብቃል። ወረቀቱ የሚለሰልሰው ከወጣ በኋላ፣ ላዩ ላይ በቀረው ውኃ ነው። ውኃው ያንጠባጥብ፣ ለስላሳው ገጽ ወደ ታች ሆኖ ይዘርጉትና ሙሌቱን መደርደር ይጀምሩ። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ጠርዙ፣ ቀጥሎ መሐሉ ይለሰልሳል። ሙሌቱ ተደርድሮ ሲያልቅ ወረቀቱ በጣት ሲነኩት ያዝ የሚያደርግ፣ ሲጎትቱት ሳብ የሚል ይሆናል። ከዚያ በኋላም ደርቆ ከቀረ በእርጥብ እጅ ይዳብሱት፤ መልሰው አይንከሩት።

ወደ እርስዎ ካለው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው፣ ግራና ቀኙን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትተው መጀመሪያ ሰላጣውን ያኑሩ። ሰላጣው የሚሸከመው ሁሉ እንዳይወጋ ለወረቀቱ ይከላከልለታል። በላዩ ላይ አንድ እፍኝ የማይሞላ ኑድል፣ ካሮት፣ ኪያር፣ ጎመንና አንድ ዘንግ ቶፉ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ። ናናውንና ድንብላሉን ግን ከሙሌቱ ለይተው፣ በወረቀቱ የላይኛው ክፍል ላይ፣ የቅጠሉ ፊት ወደ ታች ሆኖ በረድፍ ያስቀምጡ። ጥቅሉ እዚያ ሲደርስ ቅጠሎቹ በአንድ ንብርብር ወረቀት ብቻ ስለሚሸፈኑ አረንጓዴነታቸው ከውጭ ይታያል።

የታችኛውን ጠርዝ በሙሌቱ ላይ አጥፈው፣ በጣቶችዎ ጫፍ ሙሌቱን ወደ ራስዎ ሳብ አድርገው ያጥብቁ። ይህ የመጀመሪያው ጥብቀት ነው የሚወስነው፤ እዚህ ላይ የላላ ጥቅል በኋላ አይጠብቅም፣ ሲነከስ ሙሌቱ በሌላኛው በኩል ይወጣል። ከዚያ ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ እየተጫኑ እስከ መጨረሻው ያንከባልሉ። ጎኖቹን መጀመሪያ የሚያጥፉም አሉ፤ ሙሌቱ ሳይያዝ ጎን ሲታጠፍ ግን ጫፉ ላይ ክፍተት ይቀራል። ጫፉ በራሱ ስለሚጣበቅ ውኃ መቀባት አያስፈልግም።

ከተቀደደ ሁለተኛ ወረቀት አርጥበው በላዩ ይጠቅልሉት። ሁለት ሦስቱ በተከታታይ ከተቀደዱ ወረቀቱን ከመውቀስ በፊት ሙሌቱን ይቀንሱ፤ ጀማሪ ሁሉ ያበዛል።

ማቆየት

የተጠቀለለውን ጠርዝ ለጠርዝ እንዳይነካካ አራርቀው ያስቀምጡ፤ ከተነካኩ ተጣብቀው ሲለያዩ ቆዳቸው ይገፈፋል። እርጥብ ግን የማያንጠባጥብ ጨርቅ ያልብሱ። በ2 ሰዓት ውስጥ ቢበሉ ጥሩ ነው፤ የተቀቀለ ኑድልና ቶፉ ከዚያ በላይ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት የለባቸውም። ፍሪጅ ግድ ከሆነ እያንዳንዱን ለብቻው በስስ ላስቲክ አጥብቀው ይጠቅልሉ። እንዲያም ሆኖ በብርድ የሩዙ ስታርች ስለሚጠነክር ወረቀቱ ጠጥሮ ለማኘክ ያስቸግራል። ለብዙ እንግዳ ካሰቡ የሚሻለው በቬትናም ቤቶች እንደሚደረገው ነው፤ አትክልቱን፣ ኑድሉንና ቅጠሉን በየሳህኑ ደርድሮ፣ ውኃና ወረቀት መሐል ላይ አኑሮ፣ ሁሉም እየጠቀለለ ይብላ። የተዘጋጀው አትክልት ለብቻው ተዘግቶ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ የኦቾሎኒው ማጥቀሻም እንዲሁ፣ ሲወጣ ትንሽ ሙቅ ውኃ ጨምሮ መምታት ብቻ ነው። እንግዶቹን ግን ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። ሆይሲንና አኩሪ አተር ሶስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለባቸው፤ ግሉተን ለማይበላ ሰው “ከግሉተን ነፃ” የሚል የተጻፈበትን ይግዙ።