የክሪፕቶ ገበያ ትንበያን እንዴት መለማመድና በእርሱም ተከታይ ማፍራት እንደሚቻል

የክሪፕቶ (በኢንተርኔት የሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ) ዋጋ ነገ እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ በድፍረት የሚናገር የቴሌግራም ቻናል ሞልቷል፤ ካለፉት ትንበያዎቹ ስንቱ እንደያዘለትና ስንቱ እንደከሸፈበት ቆጥሮ የሚያሳይ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ከሁሉ በፊት ሊይዝ የሚገባው ለማንም ክፍት የሆነ የትንበያ መዝገብ ነው። ትንበያን የሚያስተምረውም፣ ታማኝ ተከታይ የሚያመጣውም ይኸው መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ ከክሪፕቶዎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን ቢትኮይንን ብቻ ይዘው ይጀምሩ፤ የዋጋ ታሪኩ ረጅም ነው፣ አሠራሩም ለማንም ግልጽ ነው። ለምሳሌ ግብይቶችን በኮምፒውተር እያረጋገጡ ለሚመዘግቡት ማይነሮች የሚሰጠው ሽልማት በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ይሁን እንጂ ይህን ገበያው በሙሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ደግሞ ብቻውን ለትንበያ አይበቃም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው የመገበያያ ድርጅት ሲከስር፣ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ የነበረው ዋጋ በቀናት ውስጥ ወደ 16 ሺህ ገደማ ሲያሽቆለቁል፣ ቻርት (የዋጋ ግራፍ) ላይ መስመር ሲያሰምር የከረመ ሁሉ ጉዳዩን ከዜና ነው የሰማው። እርግጠኛ ከመሆን ይልቅ በመቶኛ መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ትንበያዎን ሊመዘን በሚችል መልኩ ይጻፉ። «ጥሩ እንቅስቃሴ ይጠበቃል» የሚለው ምንም ቢመጣ ስለማይሳሳት ትንበያ አይባልም። «የቢትኮይን የዚህ ሳምንት መዝጊያ ዋጋ ካለፈው ሳምንት መዝጊያ በላይ የመሆን ዕድሉ 70 በመቶ ነው» ብለው ምክንያትዎን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያክሉ፤ ዋጋውን ከየትኛው መገበያያ እንደሚወስዱም ይግለጹ። መዝጊያ ዋጋ የሚባለው ሳምንቱ ሲያልቅ ያለው ዋጋ ነው፤ በአብዛኞቹ ቻርቶች ሳምንቱ የሚዘጋው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ እሁድ ማታ ያዩትን ዋጋ መዝጊያ አድርገው አይመዝግቡ።

ውጤቱን ለመመዘን ግሌን ብራየር የተባለው አሜሪካዊ ለአየር ጠባይ ትንበያ እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበው ዘዴ ይጠቅማል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ትንበያው የተሻለ ነው። 70 በመቶ ያሉት ነገር እውነት ሆኖ ከተገኘ ከ1 ላይ 0.7 ቀንሰው ልዩነቱን በራሱ ያባዙታል፤ 0.09 ይሆናል። ሳይሆን ከቀረ 0.7 በ0.7 ተባዝቶ 0.49 ይመጣል። ሁልጊዜ «50 በመቶ» እያለ የሚቀመጥ ሰው 0.25 ስለሚያገኝ፣ የብዙ ሳምንታት አማካይዎ ከዚያ በላይ ከሆነ ከዝምታ የተሻለ ነገር ገና አልተናገሩም ማለት ነው። ልምምዱ በወረቀት የሚሠራ እንጂ መግዛትና መሸጥን የሚጠይቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማስታወቁን አይዘንጉ።

ተከታይ ለማፍራት በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይጻፉ፤ አዲሱን ትንበያ ከማቅረብዎ በፊትም ያለፈውን ውጤት፣ በተለይም የከሸፈውን፣ ከላይ ያስቀምጡ። ያወጡትን ፖስት አያጥፉ። በቴሌግራም የሕዝብ ቻናሎች የእያንዳንዱ ፖስት ሊንክ በተራ ቁጥር ስለሚያልቅ፣ ልብ ያለው አንባቢ የጎደለውን ቁጥር አይቶ የተሰረዘ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። አንዳንዱ አታላይ በአንዱ ቻናል «ይወጣል»፣ በሌላው «ይወርዳል» ይልና የተሳሳተውን ይዘጋዋል፤ የእርስዎ መዝገብ ከዚህ የሚለየው ሳይቋረጥ በመቀጠሉ ነው። በዚህ መንገድ ተከታይ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው፣ የሚመጣው ግን አንብቦ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ቻናሉ ሲያድግ የሆነ ኮይን (አንድ ዓይነት ክሪፕቶ) እንዲያስተዋውቁ ገንዘብ የሚያቀርቡልዎ አይጠፉም። አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ዝነኛ ኪም ካርዳሺያን ለአንድ ኮይን ማስታወቂያ 250 ሺህ ዶላር መቀበሏን ሳትገልጽ በመቅረቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአሜሪካ የዋስትናና ልውውጥ ኮሚሽን ጋር በ1.26 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን ለመጨረስ ተገድዳለች። ጥያቄውን ባይቀበሉ ይሻላል፤ ከተቀበሉ ግን የተከፈለዎት መሆኑን በፖስቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፉ፣ ያንን ኮይንም ከትንበያ መዝገብዎ ውጭ ያድርጉት።