ባሕር ዳር በአውሮፕላን፦ ከትኬት እስከ ዘጌ

ጣና ጠዋት ጠዋት እርጋታው ለብቻው ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ውሃው ጀልባ ማንገላታት ይጀምራል። ባሕር ዳር ስትሄዱ ጉዟችሁን በዚህ ልክ አስቡት። ሁለት ቀን ካላችሁ የመጀመሪያውን ለከተማው፣ የሁለተኛውን ጠዋት ለሐይቁ ስጡ።

ትኬት ስትቆርጡ

ከአዲስ አበባ በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ስማችሁ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው መታወቂያችሁ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ይሁን። አንድ ፊደል እንኳ ብትለይ ኤርፖርት ትኬት የሚያየው ሠራተኛ ፊት ታጨቃጭቃለች።

ከሁሉም በላይ ግን ሰዓቱን ልብ በሉ። አክስቴ ትኬቷ ላይ 07፡00 የሚል አይታ «ሰባት ሰዓት ነው» ብላ ምሳዋን በልታ ኤርፖርት ደረሰች። አውሮፕላኑ የሄደው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ስታስተካክል አሁንም ይታየኛል፤ ለእህቷ ተዝካር ነበር የምትሄደው። እና ትኬቱ ላይ ካለው ቁጥር 6 ቀንሱ። 13፡30 የሚል ካለ ከቀኑ 7፡30 ማለት ነው። ትልልቅ ሰዎችን የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው።

መስኮት አጠገብ ያለ ወንበር ጠይቁ። ሰማዩ ከጠራ የጎጃም ማሳ ከላይ ሲታይ ደስ ይላል፤ በተለይ መስከረም ላይ።

ስትደርሱ

አየር ማረፊያው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው የሚጠራው፤ ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን አላስቀምጥ ባለው አርበኛ። ከከተማው በስተምዕራብ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ብዙ ሆቴሎች ሰርቪስ ስላላቸው ቀድማችሁ ደውሉ። ታክሲ ከያዛችሁ ደግሞ ዋጋውን ሻንጣው ሳይጫን ጨርሱ። ከተማው ውስጥ ባጃጅ በቂ ነው። ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ግን የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ቀን ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የትናንት ወሬ ይዛችሁ አትውጡ።

የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ በዘንባባው ጥላ ስር በእግር መሄድ ነው። ከዚያ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ። ቆሮሶ ጥብስ እዘዙ። ሙሉውን ነው የሚመጣው፤ ጎንና ጎኑ በቢላ ተበጥቶ፣ ጅራቱ እንደ ቆሎ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ። ሎሚ ጨምቁበት፣ ከጀርባው በኩል በጣታችሁ ጀምሩ፣ ዳጣውን በትንሹ። ባሕር ዳር ገብቶ ሥጋ ማዘዝ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አይገባም።

ማታ አጎበር ውስጥ ተኙ። የወባ አገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ሁኑ። ስትዋዋሉ ሦስት ነገር አንሱ፦ ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል፣ ላይፍ ጃኬት ለሁላችሁም አለ ወይ። ጃኬት ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። በመንገድ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። ሞተሩ ማዕበል እንዳያነሳባቸው ካፒቴኑን ቀስ እንዲል ለምኑልኝ።

ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ጫካ መሐል ያልፋል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል ነው፤ ጫካው ለዚህ ዘመን የተረፈውም በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ግቡ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ስለሆነ ዓይን የቱን አይቶ የቱን እንደሚተው ይጨንቀዋል። አትቸኩሉ። የሚያስረዳችሁን አባት ስሙ፣ በሥዕሉ ላይ ብልጭታ አታብሩ። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉት ደሴቶች ደግሞ ሴቶች አይገቡባቸውም። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። መስከረምና ጥቅምት ከሆነ ግን ሂዱ፤ ጭጋጉ ከሩቅ ፊት ያርሳል።

ስትመለሱ

ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከጎጃም ባዶ እጁን የሚመለስ የለምና ማርና ቅቤ መያዛችሁ አይቀርም። ማር እጅ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ እንደ ፈሳሽ ነው የሚታየው። በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት። አፉ ላይ ፌስታል አድርጉና ክዳኑን ከላይ አጥብቁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠምጥሙ፣ ከዚያ በሁለት ፌስታል አስገብታችሁ በልብስ መሐል አቁሙት። አዲስ አበባ ስትደርሱ ከሁሉ በፊት እሱን አውጡ።